ማንነት የማይጠይቁ ሰርቨሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ሰርቨር መረጃ እንዲያወጣ፣ አዲስ ተጠቃሚ እንዲመዘግብ ወይም በማሽኑ ላይ ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ከፈጸመ፣ ክፍተቱ የማንነት ማረጋገጫ አለመኖር ይባላል። በሶፍትዌር ድክመቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ሲደብሊውኢ-306 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ይህን ክፍተት ከሌሎቹ የሚለየው አጥቂው የሚሰብረው ነገር አለመኖሩ ነው። የይለፍ ቃል አይገምትም፣ ምስጠራም አይፈታም፤ ሰርቨሩ በሚገባው ቋንቋ ትእዛዝ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩም ይታዘዛል። ክፍተቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ዛሬም በየጊዜው የሚገኘው ባለሙያዎች ስለማያውቁት አይመስለኝም። ይልቁንም ከዚህ በታች የማነሳቸው አመለካከቶች ሥር ሰድደው፣ «ሌላው ቦታ ተጠይቋል» በሚል እምነት ጥያቄው ሳይጠየቅ ስለሚቀር ነው።

«የእኛን ትንሽ ሰርቨር ማን ያውቀዋል?»

ይህ አባባል የሚነሳው፣ አጥቂ ማለት አንድን ድርጅት መርጦና አጥንቶ የሚነሳ ሰው ነው ከሚል ግምት ነው። እውነታው ግን አብዛኛው አሰሳ ማንንም የማይመርጥ መሆኑ ነው። የአይፒ ስሪት 4 አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለውን መሣሪያ ይፋ ሲያደርጉ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የጊጋቢት መስመር ያለው ሰው አንድን ፖርት (አገልግሎቶች ጥያቄ የሚቀበሉበትን ባለ ቁጥር በር) በመላው የአድራሻ ክልል ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማሰስ እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሾዳን የተባለው የፍለጋ ድረ ገጽ የተከፈቱ ፖርቶችን እየሰበሰበ ለፈለገ ሰው ያሳያል። ስለዚህ «ማንም አያውቀውም» የሚባለው ሰርቨር ባለቤቱ ሥራውን ሳይጨርስ በሌላ ሰው ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዳታቤዞች የይለፍ ቃል ሳይጠይቁ ለኢንተርኔት ተከፍተው ነበር። አጥቂዎች በአውቶማቲክ ፕሮግራም እየገቡ መረጃውን ደመሰሱ፤ በቦታውም ቢትኮይን እንዲከፈላቸው የሚጠይቅ አጭር ማስታወሻ ትተው ሄዱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው አንዳንዶቹ መረጃውን ሳይገለብጡ ያጠፉት መሆናቸው ነው፤ የከፈለ ሰው ገንዘቡንም መረጃውንም አጥቷል። ከስሪት 3.6 ጀምሮ ሞንጎዲቢ እንደተጫነ የሚሰማው ከራሱ ማሽን ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው። ነገር ግን የማንነት ማረጋገጫው ዛሬም በአስተዳዳሪው እጅ መብራት የሚያስፈልገው ቅንብር ስለሆነ፣ «ከሌላ ማሽን አልገናኝ አለኝ» ብሎ አድራሻውን የከፈተ ሰው ማረጋገጫውን አብሮ ካላበራ ያንኑ የ2017 በር መልሶ ከፍቶታል።

«ውስጡ የሚወሰድ ነገር የለም»

ብዙ ጊዜ ይህ የሚባለው መረጃን ለጊዜው ብቻ ስለሚያስቀምጡ አገልግሎቶች ነው። ሜምካሽድ ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ በሰከንድ እስከ 1.35 ቴራቢት የደረሰ የትራፊክ ጎርፍ ሲለቀቅበት፣ መሣሪያ የሆኑት ለማንም የሚመልሱ የሜምካሽድ ሰርቨሮች ነበሩ። አጥቂዎቹ የላኪውን አድራሻ በጊትሃብ አድራሻ አስመስለው ትንንሽ ጥያቄ ሲልኩ፣ ሰርቨሮቹ በሺዎች እጥፍ የገዘፈውን መልስ ወደ ጊትሃብ አዘነቡት። የሰርቨሮቹ ባለቤቶች የተወሰደባቸው መረጃ ላይኖር ይችላል፤ ማሽናቸው ግን ሌላውን መምቻ ዱላ ሆኗል። በዚያው ወር የቴስላ ኩባንያ ኩበርኔትስ የተባለው፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሥርዓት መቆጣጠሪያ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል መገኘቱና በኩባንያው የክላውድ አቅም ዲጂታል ገንዘብ ሲመረትበት መቆየቱ ይፋ ሆኗል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የሬዲስ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የሬዲስ ፈጣሪ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ፣ ያለ ይለፍ ቃል የተከፈተ ሬዲስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ራሱ አሳይቶ ጻፈ። ሬዲስ በማስታወሻው የያዘውን መረጃ በየጊዜው በፋይል ያስቀምጣል፤ ፋይሉ የሚቀመጥበትን አቃፊና የፋይሉን ስም ደግሞ በትእዛዝ መቀየር ይቻላል። አጥቂው የራሱን የኤስኤስኤች (ማሽንን ከርቀት የማዘዣ መንገድ) ቁልፍ እንደ ተራ መረጃ ያስገባል፤ ከዚያ አቃፊውን ወደ ኤስኤስኤች አቃፊ፣ የፋይሉንም ስም የታመኑ ቁልፎች ወደሚዘረዘሩበት ፋይል ስም ለውጦ «አስቀምጥ» ይላል። ኤስኤስኤች ያልገባውን መስመር እየዘለለ የአጥቂውን ቁልፍ ሲያገኝ ይቀበለዋል። ለጊዜያዊ መረጃ የተከፈተው አገልግሎት የመላው ማሽን መግቢያ ሆነ ማለት ነው። ሬዲስ ከስሪት 3.2 ጀምሮ የይለፍ ቃልና የተወሰነ አድራሻ ካልተሰጠው ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ አልቀበልም የሚል የጥበቃ ቅንብር ይዞ መውጣቱ ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው። ይህን ቅንብር «ሥራ አስቸገረ» ብሎ ማጥፋት ተገቢ አይደለም፤ መፍትሔው የይለፍ ቃል መስጠትና የሚሰማበትን አድራሻ መወሰን ነው።

«የመግቢያ ገጽ ስላለው የተጠበቀ ነው»

በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ነው፤ ምክንያቱም የሚያታልለው ጀማሪውን ብቻ ሳይሆን ልምድ ያለውንም ሰው ነው። የመግቢያ ገጹ የሚጠብቀው በእርሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። ከገጹ ጀርባ ያለው እያንዳንዱ የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት) አድራሻ በራሱ ካልጠየቀ፣ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ገጹን ማየትም አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የአሜሪካው ፈርስት አሜሪካን ፋይናንሺያል ኩባንያ 885 ሚሊዮን ያህል የቤት ሽያጭና የብድር ሰነዶች ለማንም ክፍት መሆናቸው ታወቀ። የአንድ ሰነድ አድራሻ የደረሰው ሰው በአድራሻው ውስጥ ያለውን ቁጥር ሲቀይር የሌላ ሰው የባንክ ሒሳብና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ያለበት ሰነድ ይከፈትለት ነበር፤ ገጹ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የኩባንያው የደህንነት ሠራተኞች ክፍተቱን ከወራት በፊት አግኝተውት ሳይዘጋ መቆየቱም በኋላ በተደረገው ምርመራ ተረጋግጧል።

የኤፍ ፋይቭ ኩባንያ ቢግ-አይፒ የተባለው የኔትወርክ ትራፊክ ማከፋፈያ መሣሪያ ታሪክ ደግሞ ማረጋገጫ «እያለ» እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2022 ይፋ የሆነው ይህ ክፍተት ቁጥሩ ሲቪኢ-2022-1388 ሲሆን፣ የክብደት ነጥቡ ከ10 ላይ 9.8 ነው። በመሣሪያው ውስጥ ጥያቄውን የሚቀበሉት ሁለት ሰርቨሮች ናቸው፤ ፊት ለፊት አፓቼ፣ ከኋላው ጄቲ። ጥያቄው የመግቢያ ቶከን (ቀድሞ መግባትን የሚያሳይ ዲጂታል ማለፊያ) የያዘ ከሆነ አፓቼ «ይህን የሚያጣራው ጄቲ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ቶከን የሌለው ጥያቄ ጄቲ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጄቲ «ይህን አፓቼ በይለፍ ቃል አጣርቶታል» ብሎ ይቀበለዋል። አጥቂዎች ያደረጉት ቶከን የሚባለውን ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ መግለጫ መስመር) ጨምረው፣ በመንገድ ላይ እንዲወገድ የሚያዝዝ ሌላ ሄደር አብረው መላክ ነው። አፓቼ ቶከን አየና አሳለፈ፤ ሲያሳልፍም ቶከኑን አወለቀው፤ ጄቲም ቶከን የሌለው፣ የአስተዳዳሪ ስም ብቻ የተጻፈበት ጥያቄ ደረሰውና አመነው። ሁለት ዘበኞች በአንድ በር ቆመው፣ እያንዳንዱ ጓደኛው መታወቂያ የጠየቀ መስሎት እንግዳውን ያስገባበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ከባድ ሥራ የሚሠራው ክፍል ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ከፊቱ ያለው ጠይቆ ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ አይበቃም።

«ፋየርዎል አለን፤ ደግሞም የውስጥ ኔትወርክ ነው»

ፋየርዎል አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ያሰበውንና በእርግጥ የሚሠራውን መለየት ያስፈልጋል። በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ዩኤፍደብሊው የተባለውን ፋየርዎል አብርቶ ከኤስኤስኤች በቀር ሁሉን የዘጋ ሰው፣ ዳታቤዙን በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) ሲያስነሳና ፖርቱን ወደ ውጭ ሲያወጣ፣ ዶከር የራሱን የትራፊክ ደንብ ስለሚጽፍ ፖርቱ ከፋየርዎሉ ደንብ ውጭ ለዓለም ይከፈታል። ፋየርዎሉ ግን ሲጠየቅ «ዝግ ነው» ይላል። ይህን ለማየት በማሽኑ ላይ የተከፈቱ ፖርቶችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ መስጠት ይበቃል፦ 127.0.0.1:6379 የሚል መስመር አገልግሎቱ የሚሰማው ከራሱ ማሽን ብቻ መሆኑን ሲያሳይ፣ 0.0.0.0:6379 የሚለው ግን በሁሉም መስመር እንደሚሰማ ይናገራል። በዶከር ላይ ያለው መፍትሔ የፖርቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን 127.0.0.1 የሚለውን አድራሻ ከፊቱ መጻፍ ወይም ፖርቱን ጭራሽ ሳያወጡ ኮንቴይነሮቹን በዶከር የውስጥ ኔትወርክ ማገናኘት ነው።

«የውስጥ ኔትወርክ» የሚለውም ቃል የሚሰጠው መተማመኛ ከሚገባው በላይ ነው። አንድ የሠራተኛ ላፕቶፕ በቫይረስ ከተያዘ፣ አጥቂው ራሱ የውስጥ ሰው ሆኗል። የመሣሪያዎች እርስ በርስ መነጋገርም ቢሆን ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ጠያቂው ሰው አለመሆኑ ጥያቄውን አያስቀርም።

«ማሻሻያ ስለምንጭን ሥጋት የለብንም»

ማሻሻያ መጫን ግዴታ ነው፣ ሁለት ነገሮችን ግን አይፈታም። አንደኛ፣ ያለ ይለፍ ቃል የተተወ ዳታቤዝ የቅንብር እንጂ የኮድ ስህተት ስላልሆነ የሚጠግነው ማሻሻያ የለም። ኢላስቲክሰርች የተባለው የመረጃ መፈለጊያ ዳታቤዝ የደህንነት ቅንብሩን እንደተጫነ እንዲበራ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስሪት 8.0 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጫኑት ብዙዎቹ በአስተዳዳሪው ጥንቃቄ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ማሻሻያው ቀድሞ የገባን ሰው አያስወጣም። የፎርቲኔት ኩባንያ ፋየርዎሎቹን በአንድነት ማስተዳደሪያ በሆነው ፎርቲማኔጀር ላይ የነበረው የማንነት ማረጋገጫ ጉድለት፣ ሲቪኢ-2024-47575፣ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2024 ሲሆን፣ የደህንነት ኩባንያው የማንዲያንት መርማሪዎች አጥቂዎች ከጁን 27 ጀምሮ ይጠቀሙበት እንደነበር ደርሰውበታል። በኦክቶበር ማሻሻያውን ጭኖ ብቻ ዝም ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ማሻሻያው ከተጫነ በኋላ የቆዩ ሎጎችን (የማሽኑን የሥራ መዝገቦች) መመርመር፣ የማይታወቅ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ መመዝገቡን ማየት፣ በማሽኑ ውስጥ የነበሩትን የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች በሙሉ መቀየር የሥራው ሌላኛው ግማሽ ነው።

«የይለፍ ቃል ካደረግን በቃ»

አይበቃም፣ ግን ጥሩ ጅምር ነው። የይለፍ ቃሉ ባልተመሰጠረ መስመር ከተላከ መንገድ ላይ ይነበባል፤ እንደ ሬዲስ ያለ ፈጣን አገልግሎት ደግሞ በሰከንድ እጅግ ብዙ ሙከራ ስለሚያስተናግድ አጭር የይለፍ ቃል አይቋቋምም። መስመሩን የሚያመሰጥረውን ቲኤልኤስ ማብራት፣ ረጅምና በማሽን የተፈጠረ የይለፍ ቃል መጠቀም፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ብቻ የሚፈቅድ የተለየ ተጠቃሚ መፍጠር ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩን የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ማረጋገጫውን በየአድራሻው እያስታወሱ ከመጨመር ይልቅ፣ ሁሉም አድራሻ ዝግ ሆኖ እንዲጀምር አድርገው ክፍት መሆን ያለባቸውን ጥቂቶች በስም ቢዘረዝሩ ይሻላል። የረሳ ሰው በመጀመሪያው መንገድ ክፍተት ሲፈጥር፣ በሁለተኛው ግን የሚፈጥረው የማይከፈት ገጽ ብቻ ነው፤ እርሱንም ተጠቃሚ በዚያው ቀን ይናገረዋል። ከዚህ ጋር አንድ ቀላል ፈተና አብሮ መሄድ አለበት፦ የፕሮግራሙን አድራሻዎች በሙሉ የሚዘረዝር፣ እያንዳንዱንም ያለ ቶከን የሚጠራ፣ ከተፈቀዱት በቀር 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም» የሚል መልስ) ያልመለሰ ከተገኘ አዲሱ ስሪት እንዳይወጣ የሚያግድ። አስተዳዳሪውም በበኩሉ የራሱን አድራሻ ከራሱ ኔትወርክ ውጭ፣ ለምሳሌ ከሞባይል ዳታ፣ በየወሩ ያስስ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የማያውቀው ፖርት ካየም ለምን እንደተከፈተ ከመጠየቁ በፊት ይዝጋው።