የሻንሲ ቁጥር ምንድን ነው? ጅማ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለ መኪና ለሚገዛ

ቡና ተሸጦ ብር እጅ ሲገባ ጅማ ውስጥ የመኪና ወሬ ይደምቃል። ቴሌግራም ሲከፈት እነ ሌክሰስ፣ እነ መርሴዲስ፣ እነ ሬንጅ ሮቨር ተደርድረዋል። ፎቶው ያማልላል። ከስሩ "ንጹህ፣ ፉል ኦፕሽን፣ ሴት የነዳችው" ተብሎ ተጽፏል። መኪናው ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ፣ የጊቤን በረሃ አቋርጦ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሻጩ ደግሞ ይቸኩላል። "ወንድሜ፣ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው። ቀብድ ጣል አድርግና ላስቀምጥልህ።"

ፎቶውን ያነሳው ሻጩ ነው። ኪሎ ሜትሩን የነገራችሁ ሻጩ ነው። "ግጭት አያውቅም" ያለውም እሱው ነው። ጅማ ቁጭ ብላችሁ፣ የእሱን አፍ ሳትጠብቁ ልታጣሩት የምትችሉት ነገር ቢኖር የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ከዋጋም በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።

የሻንሲ ቁጥር አንድ መኪና ሲሠራ ፋብሪካው አካሉ ላይ የሚያትምበት መለያ ነው። ቁጥር ይባል እንጂ ፊደልም አኃዝም አለበት፤ ሲደመር 17 ነው። ታርጋ ይቀየራል። ቀለም ይቀየራል። ሞተርም ይወርድና ሌላ ይገባል። ይህ ግን መኪናው ቆራሌው እስኪወስደው ድረስ አብሮት ይኖራል። ሊብሬ ላይ ከሞተር ቁጥሩ ጋር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ደላላ ቪን ይለዋል፤ ያው ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደስ እንዳለው ነበር የሚጽፈው። አሜሪካ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ 17 እንዲሆን አስገደደች፤ አብዛኛው ዓለምም በዚሁ ርዝመት ሄደ። (የሞዴል ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የመኪና ገበያውም የሚናገረው እንደዚያ ነው።) ለራሷ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ብቻ አጠር ያለና መሀሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ቁጥር አላቸው።

አሁን እናንብበው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቦታዎች አምራቹንና አገሩን ይናገራሉ። በጄ የሚጀምር ጃፓን ነው፣ በደብሊው ጀርመን፣ በኬ ኮሪያ፣ በኤል ቻይና፣ በ1፣ በ4 ወይም በ5 አሜሪካ። ኤስ ኤ ኤል ካያችሁ የላንድሮቨር ቤተሰብ ነው፤ ሬንጅ ሮቨርም እዚያው ውስጥ ነው። አሁን አሁን መንገዱን የሞሉት አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቮልስዋገን ይባሉ እንጂ በኤል ሲጀምሩ የተሠሩት ቻይና ነው። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። "የጀርመን ነው" ብሎ በጀርመን ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ካለ ግን ፊደሏን አሳዩት። በሌላ በኩል ኤክስ ፋይቭ ቢኤምደብሊው በ5 ቢጀምር አትደንግጡ። ያ መኪና የሚሠራው አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስፓርታንበርግ በሚባል ከተማ አጠገብ ነው። ሌክሰስ ኤልኤክስ ግን ጃፓን ነው የሚሠራው። 17 ሆኖ በጄ ካልጀመረ የላኩላችሁ ቁጥር የዚያ መኪና አይደለም።

ቀጥሎ ያሉት ቦታዎች ሞዴሉንና ሞተሩን የሚገልጹ ናቸው። ለቅንጡ መኪና ገዢ ዋናው ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በተሠራ መርሴዲስ ላይ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያለው የመኪናውን ቤተሰብ ይነግራችኋል። 204 ሲ ክላስ ነው። 211 እና 212 ኢ ክላስ ናቸው። 221 እና 222 ኤስ ክላስ ናቸው። ተከታዮቹ አኃዞች ሞተሩን ይናገራሉ። ከኋላ ፖርታባጋጁ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ምንም ዋስትና አይደለም። ኤ ኤም ጂ የሚል ማርክ፣ የመርሴዲስ ጉልበተኛ ሞዴሎች መለያ፣ ማንም ገዝቶ ይለጥፋል። የሻንሲ ቁጥሩን በነፃ የሚተነትኑ ድረ ገጾች አሉ። ለመርሴዲስና ለቢኤምደብሊው የፋብሪካ ቀለሙን፣ የወንበሩን ቆዳ፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የተገጠመለትን ዕቃ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። "ፉል ኦፕሽን" የሚለው ነገር የሚፈተነው እዚያ ነው። ከፋብሪካ ነጭ የወጣ መኪና ዛሬ ጥቁር ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ላሜራ ቤት የከረመ መኪናም ሊሆን ይችላል።

አሥረኛው ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ የሞዴል ዓመቱ እሱ ነው። 2001 በ1 ተጀምሮ 2009 በ9 ያልቃል። 2010 ኤ፣ 2011 ቢ፣ 2012 ሲ እያለ ይሄዳል። 2015 ኤፍ ነው፣ 2018 ጄ፣ 2020 ኤል። ይህን በቃሉ የያዘ ደላላ ሁሉንም መኪና በዚህ ይለካል። ለአውሮፓ የተሠራ መርሴዲስ ላይ ግን አሥረኛው ዓመት አይደለም። መሪው በየት በኩል እንደሆነ ነው የሚያሳየው፤ 1 ግራ፣ 2 ቀኝ። ስለዚህ 1 አይታችሁ "የ2001 ነው፣ ዋሽቶኛል" ብላችሁ ከሰው እንዳትጣሉ። ይልቅ የሚያስደነግጠው 2 ሆኖ መሪው በግራ ሲገኝ ነው። ያ መኪና መሪው ተነቅሎ ዞሯል ማለት ነው። ኦዲና ፖርሽ ላይ ደግሞ ዜድ ሦስት ጊዜ ተደርድራ ስታዩ ፎርጅድ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ባዶ ቦታ መሙያ ናት።

ዘጠነኛው ቦታ ብልጥ ነገር ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ መፈተሻ አኃዝ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ በየቦታው በተመደበለት ቁጥር ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለ11 ይካፈላል። የሚተርፈው ዘጠነኛው ቦታ ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ ይጻፋል። በእጅ መሥራት አያስፈልግም፣ ድረ ገጾቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ካልገጠመ ወይ ሻጩ አሳስቶ ጽፏል፣ ወይ ቁጥሩን ከራሱ ፈጥሮታል።

ሌላም አለ። በ17ቱ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት በፍጹም አይገቡም፤ ከ1 እና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ተትተዋል። ሊብሬው ላይ ኦ ካያችሁ የጻፈው ሰው ዜሮን ኦ አድርጎታል። ትንሽ ስህተት ትመስላለች። ስም ሲዛወር ግን ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ይመሳከራል፤ ያኔ ከጅማ የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ። ሻጩ ሳይሸጥ በፊት ያስተካክለው።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ቁጥሩን እንዳለ ጎግል ላይ ጻፉት። አሜሪካ ውስጥ የተጋጨ ወይም ጎርፍ የገባበት መኪና ኢንሹራንሱ "አይጠገንም" ብሎ ከከፈለ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። ጥቂት የማይባሉት ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች ይጫናሉ፤ እዚያ ተጠግነው፣ ተቀብተው፣ እንደገና ይሸጣሉ። የጨረታው ፎቶ ግን ኢንተርኔት ላይ ይቀራል። ዛሬ "ንጹህ" የተባለው ሌክሰስ ኮፋኖው ተጨማዶ፣ ኤርባጉ ተዘርግቶ የሚታይበት ፎቶ በ17ቱ ቁጥር ሊወጣላችሁ ይችላል። አሜሪካ ለቆየ መኪና ካርፋክስን የመሰሉ በክፍያ ታሪክ የሚሸጡ አገልግሎቶችም አሉ። ሚሊዮኖች ለምታወጡበት መኪና የሚጠይቁት ገንዘብ ምንም አይደለም። ፍለጋው ባዶ ቢወጣ ግን "ንጹህ ነው" ማለት አይደለም። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ መኪና እዚያ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የደረሰ ግጭትማ ጭራሽ የለም።

በዚያው ቁጥር የፋብሪካ ጥሪ ካለበትም፣ ማለትም ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ አምጡና ላስተካክል ያለው መኪና ከሆነም፣ ይታያል። ታካታ የተባለው አምራች የሠራው ኤርባግ ጉዳይ ዋናው ነው። ቶዮታ፣ ሌክሰስ፣ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ሆንዳ ሁሉም ገብተውበታል። የሚያፈነዳው ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ከዚያ ኤርባጉ ሲዘረጋ ብረት ይረጫል፤ ሰው ገድሏል። ጅማ እንደምታውቁት ዝናብ አይለያትም። ቁጥሩ የጥሪ ዝርዝር ውስጥ ካለ ኤርባጉ ተቀይሮ እንደሆነ ሻጩን በወረቀት አስደግፋችሁ ጠይቁት።

ሻጩ ግን የሌላ መኪና ቁጥር ቢልክስ? ይልካል። ከሌላ ማስታወቂያ ገልብጦ መላክ ቀላል ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ፎቶ አይበቃም። ከታርጋው ይጀምር፣ ካሜራውን ሳያቋርጥ የፊት መስታወቱ ስር ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ያሳያችሁ፣ ከዚያ በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን፣ ከዚያ ብረቱ ላይ የተመታውን። ብዙ መርሴዲሶች ላይ ከቀኙ የፊት ወንበር አካባቢ ምንጣፍ ስር ነው። ብዙ ቢኤምደብሊዎች ላይ ኮፋኖ ሲከፈት በቀኝ በኩል ሾክ አናቱ ግድም ታገኙታላችሁ። ላንድክሩዘር ላይ በቀኙ የፊት ጎማ በኩል ዋናው ሻንሲ ብረት ላይ ነው፤ ጭቃው ተጠርጎ ይታያል። ሁሉም አንድ መሆን አለባቸው። በመጨረሻ ሊብሬውን እዚያው ካሜራ ላይ ያውጣው። ብረቱ ላይ ያለው አኃዝ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ፣ ዙሪያው የተሞረደ ወይም እሱ ጋ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ ነገሩን እዚያው አቁሙት። የተሰረቀ መኪና የሌላ መኪና ቁጥር ለብሶ የሚሸጠው እንዲህ ነው።

"ቁጥሩን ለማንም አልሰጥም" የሚል ሻጭም ያጋጥማችኋል። ይገለበጥብኛል ይላል። እኔ ይሄ ብዙም አይዋጥልኝም። የመኪናው የፊት መስታወት ስር ያለውን ቁጥር ፓርኪንግ ያለ ጥበቃ ሁሉ ያየዋል። ሊብሬ ሳያሳይ ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን ቢደብቅ ግን አይገርምም።

ቀጣዩ ደረጃ አዲስ አበባ ያለ የምታምኑት መካኒክ ነው። ሻጩ የሚያመጣው መካኒክ አይሆንም። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሲሰካ የሻንሲ ቁጥሩ ከሞተሩ ኮምፒውተርም ይነበባል። እዚያ ሌላ ቁጥር ከወጣ ያ ኮምፒውተር ከሌላ መኪና የተነቀለ ነው። ጀርመን መኪኖች ላይ ኪሎ ሜትሩም ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። ብዙ ቢኤምደብሊዎች ቁልፋቸው ውስጥ ሳይቀር ይመዘግቡታል። ዳሽቦርዱ 80 ሺህ ብሎ ሌላው 190 ሺህ ካለ፣ "ሴት የነዳችው" ሴትዮ ብዙ ዞራለች።

ይህ ቁጥር የማይመልሰው ብዙ ነገር አለ። ካምቢዮው ይመታ እንደሆነ አይናገርም። በአየር የሚሠራው የሬንጅ ሮቨር ወይም የኤስ ክላስ ሾክ ጠዋት ተኝቶ ይገኝ እንደሆነ አይናገርም፤ እሱን መኪናውን አሳድሮ ማየት ነው። ቀረጡንም አይናገርም፤ እዚህ ላይ ቸል ማለት ያስከፍላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይከፈላል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የተጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። "ዋጋው ትንሽ ቀነስ ያለው ለዚህ ነው" የሚባል መኪና ካጋጠማችሁ የቀረጡን ወረቀት ሳታዩ ወደ ውልና ማስረጃ እንዳትሄዱ። የባንክ ዕዳና እገዳም እንዲሁ ለብቻው ይጣራል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ውስጥ መሸጥ የሚል ቃልና ይኸው የሻንሲ ቁጥር መኖሩን አንብቡ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያሉት የቤንዚን ቅንጡ መኪኖች ቀድመው የገቡት ናቸው። እጅ በእጅ እየዞሩ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ላይ ሲደርሱ አመጣጣቸውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ሻጩ ራሱ ሳያውቅ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

መኪናው ተገዝቶ ጅማ ከገባ በኋላም ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። አጂፕ አካባቢ ያለ መካኒክ የመርሴዲስ ሴንሰር ቢጎድለው ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጣው። ዕቃ ሻጩ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሻንሲ ቁጥሩን ላክልኝ" ብሎ ነው። በአንድ ዓመት ተሠርቶ ሁለት ዓይነት ፓምፕ የሚገጠምለት ሞዴል አለና፣ ያለ ቁጥሩ የተላከ ዕቃ አውቶብስ ተሳፍሮ መጥቶ፣ አልገጥም ብሎ፣ በዚያው አውቶብስ ይመለሳል።