ዓረፍተ ነገር ስለማጣመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መስተጻምር ማለት እና፣ ግን፣ ወይም፣ ምክንያቱም ነው»

እነዚህ ለብቻቸው ስለሚጻፉ ቶሎ ይታያሉ። የአማርኛ ዋነኛው ማጣመሪያ ግን ግሱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። «እንግዳው ገባ። መብራቱ ጠፋ።» የሚሉትን እንውሰድ። በ«እና» ብናያይዛቸው ሁለቱም መሆናቸውን ከማወቅ አናልፍም። «እንግዳው ሲገባ መብራቱ ጠፋ» ካልን ጊዜያቸው ይገጣጠማል። «እንደገባ» ካልን ገና እግሩ ከመግባቱ ጨለመ። «ሊገባ ሲል» ካልን ሰውየው አሁንም ደጅ ነው። «ከገባ በኋላ» ካልን ምናልባት ቡናውን እየጠጣ ነበር። «ስለገባ» ካልን ደግሞ ጥፋቱን እንግዳው ላይ ጣልን፤ ማጥፊያውን በትከሻው ነክቶት ይሆናል። ሁለት ፊደል ታሪኩን ሌላ ያደርገዋል። በጽሑፍ ውስጥ ዓረፍተ ነገሮች ልዩ ልዩ የሚሆኑት ከዚህ ምርጫ የተነሣ ነው፤ «ነገር ግን»ን በ«ይሁን እንጂ» በመተካት ብቻ አይሆኑም።

«ተከታታይ ድርጊት በእና ይያያዛል»

«ፊቱን ታጠበ እና ቁርሱን በላ እና ወጣ» ስህተት ባይባልም ጆሮ ይቆረቁራል። ለዚህ ቦዝ አንቀጽ አለልን፤ ይህም እንደ «ታጥቦ» ብቻውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ የግስ ቅርጽ ነው፦ «ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወጣ።» ቅደም ተከተሉም አብሮ ይነገራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ባለቤቱ ሲለያይ ነው፤ «በሩን ከፍቶ ዝናቡ ገባ» ከተባለ በሩን የከፈተው ዝናቡ ይመስላል። «በሩን ሲከፍት ዝናቡ ገባ» ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ በግስ መጨረሻ የምትቀጠለው «ና» ምክንያትም ትሆናለች፦ «ዝናብ ሊመጣ ነውና ጃንጥላ ያዝ።»

«ሁለት ማያያዣ ከአንድ ይጠነክራል»

«ምንም እንኳን ቢደክማትም ነገር ግን ሥራዋን ጨረሰች» የሚለው በየጋዜጣው አለ። «ቢደክማትም» ተቃርኖውን ጨርሶታል፤ «ነገር ግን» ሥራ ፈት ነው። «የዘገየሁበት ምክንያት ታምሜ ስለነበር ነው» የሚለውም እንዲሁ ምክንያትን ሁለት ጊዜ ይጠራል። «የዘገየሁት ታምሜ ስለነበር ነው» ይበቃል።

«ወይም እና ወይስ አንድ ናቸው»

አይደሉም። «ሻይ ወይም ቡና ትጠጣለህ?» ለሚል ሰው «አዎ» ወይም «አልጠጣም» ይባላል። «ሻይ ትጠጣለህ ወይስ ቡና?» ከተባለ ግን አንዱን መምረጥ ነው።

«ዓረፍተ ነገር በማያያዣ አይጀመርም»

«ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ነገር ግን» ከአራት ነጥብ በኋላ ቢመጡ ነውር የለውም። «ግን» ብቻውን ሲሆን በጽሑፍ ሁለተኛ ቦታ ላይ ያምርበታል፦ «እርሷ ግን አልመጣችም።» አራት ነጥብ የበዛ ሲመስል ደግሞ ድርብ ሰረዝ (፤) ያለ ምንም ቃል ያያይዛል።

«የተጣመረ ረጅም ዓረፍተ ነገር የአዋቂ ነው»

ይህን አመለካከት ያስፋፋው በዋናነት «ሲሆን» ይመስለኛል። ቃሉ ሁለት መረጃዎችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ይጠቅማል። ዛሬ ግን ጸሐፊው ዝምድናቸውን ማሰብ ሲሰለቸው የሚለጥፈው ሙጫ ሆኗል፦ «ድልድዩ ባለፈው ዓመት የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 40 ሜትር ሲሆን ወንዙ በክረምት የሚሞላ ሲሆን ነዋሪው ቀደም ሲል በጀልባ ይሻገር ነበር።» እዚህ ውስጥ ርዝመቱ ቅጽል ሆኖ ቢገባ ይበቃዋል፤ የወንዙ መሙላት ደግሞ ለጀልባው ምክንያት ነው፤ የመጨረሻው «ሲሆን» ሸፍኖታል። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ማለትም ግዴታ አይደለም፦ «40 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ የተሠራው ባለፈው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ወንዙ በክረምት ስለሚሞላ ነዋሪው በጀልባ ይሻገር ነበር።»