የባሩድ ሚዛን ሲመረጥ

ባዶ ቀለህን በአዲስ ባሩድና እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ) ሞልቶ መልሶ ጥይት ማድረግ የአዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የቆየ ሙያ ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ቀልድ የማያውቀው ሚዛኑ ነው። ባሩድ ከበዛ ግፊቱ ከልክ አልፎ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። በጣም ካነሰም እርሳሱ በርሜል ውስጥ ተወትፎ ሊቀር ይችላል።

መለኪያው ብዙ ጊዜ ግሬን ነው። አንድ ግራም 15.43 ግሬን ያህል ይሆናል። የተለመዱት ሚዛኖች የሚያነቡት እስከ 0.1 ግሬን ነው፤ 6.5 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። ለ40 ግሬን ሙሌት ይህ 0.25 በመቶ ነው። ለ4 ግሬን የሽጉጥ ሙሌት ግን 2.5 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚሞላው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ባለ ዘንጉ ሚዛን ባትሪ አይፈልግም። ዘንጉ በስለት ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል፤ ማግኔት ቶሎ ያረጋጋዋል። ስለቱ ላይ አቧራ ከገባ ግን ይለግማል። ርካሾቹ ዲጂታሎች ክብደቱ ሲያርፍበት በትንሹ የሚጎብጥ ብረት አላቸው። ሙቀት ሲለዋወጥ ቁጥራቸው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ከመመዘን በፊት አብርቶ ማቆየት ያስፈልጋል። ውዶቹ ሳህኑን በኤሌክትሮማግኔት ኃይል ደግፈው፣ ለዚያ የፈጀውን ኤሌክትሪክ ይለካሉ። እነዚህ እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ለጀማሪ ግን የግድ አይደሉም።

ሻጮች የነጥብ ቁጥሩን ብዛት ያጋንናሉ። እኔ ብሆን የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ያንኑ ዕቃ አሥር ጊዜ አንስቼ ብመልሰው ያንኑ ቁጥር ይሰጠኛል? ሳህኑን ሳነሳና ስመልስስ ዜሮው ቦታው ላይ ነው? መፈተኛ ክብደትም ከሚሞላው መጠን ጋር ቢቀራረብ ይመረጣል። ትክክለኛ 2 ግራም ሲቀመጥ 30.9 ግሬን መነበብ አለበት።

ሌላው ጣጣ ባሩዱን ፍሬ በፍሬ ሲጨምሩ ነው። አንዳንድ ዲጂታል ሚዛን ትንሿን ጭማሪ ከመንሸራተት ጋር አምታቶ ዝም ይላታል። ያኔ ሳህኑን አንስቶ እንደገና ማስቀመጥ ነው። የአየር ማራገቢያ፣ ትንፋሽ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ሲታሽ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክም ቁጥሩን ያስዘልላሉ።

የመለኪያ መቀየሪያዋን ቁልፍም ልብ በሉ። ሳይታወቅ ከግሬን ወደ ግራም ከዞረች፣ ያው ቁጥር ከ15 እጥፍ በላይ ባሩድ ይሆናል።