«ተነስቶ ሄዷል፣ ምንም አልሆነም»፦ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚባለውና እውነታው

ለገሃር አካባቢ አንድ ሰው በመኪና ተገጭቶ ሲወድቅ የሚሆነው ይታወቃል። ሰው ይከበዋል፣ አንዱ ፊቱ ላይ ውሃ ይደፋል፣ ሌላው ብብቱን ይዞ ያስነሳዋል። ተገጪው አቧራውን አራግፎ «ደህና ነኝ» ይልና ታክሲ ይሳፈራል። «ተመስገን፣ ተነስቶ ሄደ» ተብሎ ሰው ይበተናል። ስለ ጭንቅላት ጉዳት ከሚባለው ሁሉ ይህን ያህል ሰው የሚጎዳ አባባል የለም።

የራስ ቅል የማይለጠጥ ሣጥን ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ሲሆን ከሥሩ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊቀደድና ደም በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ደሙ ገና ትንሽ እያለ ሰውየው ያወራል፣ ይሄዳል፣ ምሳውንም ይበላል። ከሰዓታት በኋላ ደሙ አንጎሉን መግፋት ሲጀምር ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደነጋገራል፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። በጊዜ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ቤቱ ተኝቶ ያረፈደ ግን ዕድሉ በየሰዓቱ ይጠባል።

ስለዚህ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀስቅሱት። ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት፤ ሁለት እጃችሁን እኩል እንዲጨብጥ አድርጉ፤ ብሌኖቹን በባትሪ ብርሃን አወዳድሩ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹህ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ፣ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ) ደውሉ። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ምልክቱን ሳይጠብቅ ይሂድ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ይቅሩ።

«እንዳይተኛ ያዙት» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። እንቅልፍ አይገድልም። የሚገድለው ራስን መሳትን እንቅልፍ ነው ብሎ ማለፍ ነው።

«ሰክሮ ነው፣ ይተኛበት» የሚባለው ደግሞ ያሳዝናል። ፒያሳ ጥግ ላይ ግንባሩ ደምቶ የተገኘ ሰው አፉ አረቄ ስለሸተተ ብቻ ይታለፋል። የሰከረ ሰው ይወድቃል፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ይጎዳል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች የሰውን የንቃት ደረጃ የሚለኩበት የግላስጎ መለኪያ ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ሙሉው 15፣ ዝቅተኛው 3 ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ነው። ነጥቡ ሲወርድ በመጠጡ ማሳበብ የሚቻለው በአንጎሉ ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

«ራጅ ተነስቷል፣ ንጹህ ነው።» ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ደሙን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካኑም ንጹህ ሆኖ አንጎል ተናውጦ ሊሆን ይችላል። የራስ ምታት፣ የመርሳትና የመነጫነጭ ነገር ለሳምንታት ቢቆይ ስንፍና አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ያርፍ፣ ከዚያ ሥራውን ቀስ በቀስ ይጀምር። ኳስ ሜዳ የሚመለሰው ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ ሐኪም ሲፈቅድ ነው።

ቁስል ላይ የቡና ዱቄት አይነስነስ፤ በንጹህ ጨርቅ ይጫን፣ አጥንቱ የሰረጎደበት ቦታ ላይ ግን አይጫን። የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ክብሪት ማሽተት ምንም አይፈይድም። ተሸክሞ ላዳ ውስጥ መወርወርም አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ሽባ ሊያደርገው ይችላል፦ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይያዝ፤ ካስመለሰው ሦስት ሆናችሁ እንደ ግንድ አንድ ላይ ወደ ጎን አዙሩት።

«እማማ አርጅተዋል፣ መርሳት ያለ ነው።» ከሦስት ሳምንት በፊት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በእርጅና አንጎል ስለሚሟሽሽ ትንንሽ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በቀላል ምት ተበጥሰው ቀስ እያለ ደም ይጠራቀማል። የራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ደሙን በማፍሰስ የሚታከም ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ይመለሳሉ።

ከጉዳቱ በኋላ የሚጥል በሽታ የጀመረው ሰው «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን በድንገት ካቆመ ይበልጥ ሊጥለው ይችላል። ጠበል ሲሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረውም ይግዛ።