ሜዲካል ኮዲንግ ምንድን ነው? ከጎጃም ሆኖ ወደዚህ ሙያ መግባትና ሥልጠና መምረጥ

ሜዲካል ኮዲንግ ሐኪም በታካሚው ካርድ ላይ የጻፈውን አንብቦ፣ ሕመሙንና የተደረገለትን ሕክምና በወጣለት ደንብ መሠረት ወደ መለያ ቁጥር መቀየር ነው። ኮምፒውተር ፕሮግራም ከመሥራት ጋር ዝምድና የለውም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም «ኮዲንግ ልማር» የሚል ሰው በዝቷል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ለማያስፈልገው ትምህርት የሚከፍልም አይታጣም። ሜዲካል ኮደር ቀኑን የሚያሳልፈው በማንበብ ነው። የእንግሊዝኛ የሕክምና ጽሑፍ ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

የቁጥሮቹ መሠረት የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው የበሽታዎች ምደባ፣ በምኅጻሩ አይሲዲ ነው። በአሥረኛው እትም ፋልሲፓረም ወባ ቢ50፣ ቫይቫክስ ቢ51 ይባላል፤ ዓይነቱ ሳይለይ «ወባ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ቢ54 ነው። (ኮዶቹ የሚጀምሩት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል።) አሥራ አንደኛው እትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በእሱ ፋልሲፓረም 1ኤፍ40፣ ቫይቫክስ 1ኤፍ41 ሆነዋል። የእኛ አገር ጤና ተቋማት አገራዊ የበሽታ ምደባ መጀመሪያ የተቀዳው ከአሥረኛው ነው።

አሜሪካ ግን የራሷ አላት። ለሕመም አይሲዲ-10-ሲኤም የሚባለውን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ትጠቀማለች። ሐኪሙ ላደረገው ሥራ ባለ አምስት አኃዙ ሲፒቲ አለ። ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያና ለመሳሰለው ሂክፒክስ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ሰባት ምልክት ያለው ፒሲኤስ ተጨምሮበታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ኢንተርኔት ላይ «ሜዲካል ኮዲንግ» ተብሎ የሚሸጠው ሥልጠና ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካው ነው። እሱን ተምሮ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሥራ የሚጠብቅ ሰው ሌላ አገር ሕግ ተምሮ እዚህ ጥብቅና ሊቆም እንደፈለገ ነው።

ሥራው በቅርብ ሲታይ

ካርዱ ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ ዓይነት ሁለት ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደረጃ ሦስት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፤ ታካሚዋ ዘወትር ኢንሱሊን ትወስዳለች። ጀማሪ ሦስቱን ለየብቻ ይፈልግና ኢ11.9፣ አይ10 እና ኤን18.30 ይጽፋል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተት ናቸው። ኢ11.9 «ስኳር አለ፣ ያስከተለው ጉዳት የለም» ማለት ነው። የአሜሪካው መመሪያ ደግሞ ስኳርና የኩላሊት ሕመም አብረው ከተጻፉ፣ ሐኪሙ «አይገናኙም» ብሎ እስካልጻፈ ድረስ፣ እንደተያያዙ ይቆጥራቸዋል። ደም ግፊትና ኩላሊትም እንደዚሁ። ስለዚህ ትክክለኛው ኢ11.22፣ አይ12.9 እና ኤን18.30 ነው፤ ለኢንሱሊኑ ዜድ79.4 ይጨመራል። ቁጥር መሸምደድ እዚህ አያድንም፤ የሚያድነው በየቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን «ይህን አስቀድም»፣ «ተጨማሪ ኮድ አክል»፣ «ከዚህ ጋር አይጻፍም» የሚለውን ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለጎጃም ሰው ቅርብ ነው፤ ዝሆኔ። ትምህርት ቤት «ዝሆኔ በትንኝ ይተላለፋል» ተብሎ የተማረ ሰው በቀጥታ የፊላሪያ ትል ወዳለበት ቢ74 ይሮጣል። የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ደጋ ዝሆኔ ግን በአብዛኛው ትንኝ ያመጣው አይደለም፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ ነው። የአሜሪካው መጽሐፍ ማውጫም ምክንያቱ ላልተጻፈ ዝሆኔ የሚመራው ወደ አይ89.0 ነው፤ ወደ ቢ74 የሚኬደው ፊላሪያ ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ብቻ ነው። ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በፊደል ተራ የተደረደረው ማውጫ፣ ከዚያ ዋናው ሰንጠረዥ። ከማውጫው ብቻ ቁጥር ቀድቶ መሄድም፣ ማውጫውን ዘሎ በራስ እውቀት ሰንጠረዡ ውስጥ መግባትም እኩል ያሳስታሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በተለይ ለነርስና ለጤና መኮንን፣ ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን አለመጻፍ ነው። የሕክምና ባለሙያ ካርዱን ሲያነብ ምርመራው ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ኮደር ግን ያልተጻፈ ነገር መጻፍ አይፈቀድለትም። ተመላላሽ ታካሚ ካርድ ላይ «ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ቢል በአሜሪካው ደንብ ቲቢ አይጻፍም፤ ሳሉና ትኩሳቱ ይጻፋሉ። ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው መውጫ ላይ ያው ቃል ከተገኘ ግን እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ይጻፋል። ኤችአይቪ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው፤ ካልተረጋገጠ የትም አይጻፍም። ጽሑፉ ሲጋጭ ወይም ሲጎድል ኮደሩ ሐኪሙን በጽሑፍ ይጠይቃል እንጂ አይገምትም። የሕክምና እውቀት ያለው ሰው ቶሎ የሚለምደው የአካል ክፍሎችንና ቃላቱን ነው፤ ይህን ልጓም መልመድ ግን ጊዜ ይወስድበታል። ከአስተማሪነት ወይም ከሒሳብ ሥራ የሚመጣው ሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደንቡን ይወዳል፣ ቃላቱ ግን ያደክሙታል። ለእሱ ከኮዱ በፊት የአካል አሠራርና የሕክምና ቃላት ትምህርት ግዴታ ነው።

ሥራው የት አለ?

ሥልጠና ከመምረጥ በፊት ይህ ይመለስ። እዚሁ አገር ሆስፒታል ውስጥ «ሜዲካል ኮደር» የሚል መደብ ፈልጎ መድከም አያስፈልግም። ቅርቡ ሙያ የጤና መረጃ ቴክኒሽያን ነው፦ ካርድ ክፍሉን፣ መዝገቡንና በዲኤችአይኤስ-2 (በጤና መረጃ ማስተላለፊያ ሥርዓቱ) የሚላከውን ሪፖርት የሚይዘው ሰው። የሚገባበትም በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥልጠናና በሲኦሲ (በሙያ ብቃት) ምዘና እንጂ በኦንላይን ሰርተፍኬት አይደለም። ሌላው በር የጤና መድን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ዛሬ ጤና ተቋማት ለአባላት የሰጡትን አገልግሎት ቆጥረው ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄውም ይመረመራል። ሒሳቡ የሚሠራው በአብዛኛው በካርድ፣ በላብራቶሪና በመድኃኒት ዋጋ ስለሆነ የአሜሪካው ኮድ እዚያ አያገለግልም። የሚያገለግለው ካርድን ከሐኪም ትእዛዝና ከመድኃኒት ወረቀት ጋር የማመሳከር ልማድ ነው፤ ያንን የሒሳብ ሠራተኛም የጤና ባለሙያም ሊያዳብረው ይችላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «ከቤት ሆኖ የሚሠራ ጥሩ ሥራ ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው። «ከቤት» ማለት ግን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ካለ ቤት ማለት ነው። የብዙዎቹ ማስታወቂያዎች አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲኖርና የሥራ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ የታካሚ መረጃ ከአገር ሲወጣ ሕጋዊ ኃላፊነቱ ይከብዳል፣ በበርካታ ግዛቶችም የድሆች የሕክምና ፕሮግራም የሆነው ሜዲኬይድ መረጃው ከአሜሪካ እንዳይወጣ በውል ያግዳል። ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራው ኮዲንግ አብዛኛው ሕንድና ፊሊፒንስ ላሉ ድርጅቶች የሚሰጥ ነው፤ እነሱም ሠራተኛ የሚቀጥሩት እዚያው ካሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ የአሜሪካውን ኮድ መማር በጣም የሚያዋጣው ዲቪ ለደረሰው፣ የቤተሰብ ጉዳዩ ወደ ማለቁ ለተቃረበ፣ ወይም እዚያው ላለ ሰው ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ በስድስት ወር ውስጥ ዶላር ለመቀበል ላቀደ ሰው አንመክረውም።

ሰርተፍኬቱና ሥልጠናው

በአሜሪካ ቀጣሪ ዘንድ የሚታወቁት ፈተና ሰጪዎች ሁለት ናቸው፦ ኤኤፒሲ እና አሂማ። ለሐኪም ቢሮ ሥራ የተለመደው ሲፒሲ የሚባለው የኤኤፒሲ ፈተና ነው። አንድ መቶ የምርጫ ጥያቄ፣ አራት ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ብቻ ይደርሳል። የኮድ መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም በዚሁ ተዘናግቶ ነው። መጽሐፉን አገላብጦ የሚያገኝ ሳይሆን የት ገጽ እንዳለ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው ጊዜ የሚበቃው። ልምድ ሳይኖረው ያለፈ ሰው ሲፒሲ-ኤ ይባላል፤ «ኤ»ዋ የተለማማጅ ምልክት ናት። የምትነሣው በሁለት ዓመት የሥራ ማስረጃ፣ ወይም በ80 ሰዓት የሥልጠና ማስረጃና በአንድ ዓመት ሥራ ነው። ይህችን ፊደል የማይነግር ማስታወቂያ ዋናውን ደብቋል፤ የመጀመሪያው ሥራ የሚቸግረው በእሷ ምክንያት ነውና።

ሥልጠናው ራሱ ፈተና አይደለም። «ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው የሜዲካል ኮዲንግ ሰርተፍኬት» ብሎ በቴሌግራም የሚሸጠው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የተሳትፎ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በቀጥታ ይጠይቁ፦ ለየትኛው ፈተና ነው የምታዘጋጁት? የፈተናው ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ በኋላ በዶላር ለብቻው ይመጣል? አስተማሪው ራሱ የጸና ማረጋገጫ አለው? ያለው ከሆነ የአባልነት ቁጥሩን አይከለክልም፤ በድርጅቱ ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን የልምምዱ መጠን ነው። ቪዲዮ አይቶ ምርጫ ማጥቆር ኮደር አያደርግም። ስም የተሰረዘባቸው እውነተኛ የሐኪም ማስታወሻዎችና የቀዶ ሕክምና ሪፖርቶች ስንት ይሠራሉ? አንድ ሰው አርሞ «ይህ ለምን ስህተት ሆነ» ብሎ ይመልሳል ወይስ ማሽን ቀይና አረንጓዴ ያሳያል? ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠብቁት ትክክለኛነት 95 በመቶ ነው፤ የፈተናው 70 ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ ይሏል። «ሥራ እናስገባለን» የሚል የቃል ዋስትና ከሰሙ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በጽሑፍ የሚሰጥ አናውቅም።

የመጽሐፉ ዓመት ሌላው ወጥመድ ነው። አይሲዲ-10-ሲኤም በየዓመቱ ጥቅምት 1፣ ሲፒቲ ጃንዋሪ 1 ይታደሳሉ፤ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። ዘመድ በሻንጣ የላከው የሦስት ዓመት መጽሐፍ ለመለማመጃ ይሆናል፤ ለፈተና ግን አይሆንም። የአይሲዲ-10-ሲኤምና የሂክፒክስ ዝርዝር፣ መመሪያውም ጭምር፣ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጾች ላይ በነጻ ይገኛል። ሲፒቲ ግን የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረት ስለሆነ ይገዛል።

ገንዘብ ሳያወጡ ራስን መፈተሽ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአይሲዲ-10 ራስን ማስተማሪያ በነጻ አስቀምጧል፤ የአይሲዲ-11 መፈለጊያም እንደዚሁ ክፍት ነው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አንድ አንድ ሰዓት ይሥሩበት። ሦስት አራት ምዕራፍ ከጨረሱ በኋላም ማስታወሻዎቹን የማንበብ ትዕግሥት ካለዎት ለመክፈል ያስቡ። ካሰለችዎት የጠፋው የዳታ ገንዘብ ብቻ ነው።

ፈተናውን ከቤት፣ በካሜራ እየታዩ መውሰድ ይቻላል። ለዚህ ኮምፒውተር፣ ከውጭ የሚገጠም ዌብካም፣ ሌላ ሰው የማይገባበት ክፍልና አራት ሰዓት ሙሉ የማይቆራረጥ ኔት ያስፈልጋል። እኛ ጋ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፤ መብራት ከሄደ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ደግሞ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ራውተሩ በባትሪ ይሁን፤ ሌላ ሲም ያለው ስልክ በተጠባባቂነት አጠገብ ይቀመጥ፤ ተቆጣጣሪው ስልክ እንዳይነካ ስለሚከለክል ግን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ከፈተናው ቀን በፊት ፈታኙን ድርጅት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።