ከወሊድ አልጋ ሳይነሡ የሚጀመር የእርግዝና መከላከያ፦ የሚወራውና እውነቱ

በእርግዝና ክትትል ላይ ስለ መከላከያ ሲነሣ የተለመደው መልስ «መጀመሪያ በሰላም ልገላገል» ነው። ከተገላገሉ በኋላ ደግሞ ጡት ማጥባቱ፣ እንግዳው፣ ገንፎው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይመጣና ጉዳዩ ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ከመሞከሯ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። ይህን ጊዜ ያለ ሐሳብ ለመሸፈን የሚያመቹት በክንድ የሚቀበረው መከላከያና በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት፣ መዳብ ያለበት ሉፕ እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። ሁለቱም እዚያው በወለዱበት ጤና ተቋም መጀመር ይችላሉ።

«ወር አበባዬ ሳይመለስ አላረግዝም።»
ብዙ ያልታሰበ እርግዝና የሚመጣው በዚህ እምነት ነው። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፤ ስለዚህ አንዲት እናት አንድም ቀን ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ጡት የማታጠባ ከሆነ ደግሞ ከወለደች ገና በአራተኛው ሳምንት እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ማጥባት ይከላከላል የሚባለው ሐሰት አይደለም፤ ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች መሆኑ፣ ሌትም ቀንም ጡት ብቻ መጥባቱ፣ ወር አበባ አለመመለሱ። «ጡት ብቻ» ሲባል ውኃም፣ አያት በጣታቸው የሚያቀምሱት ቅቤም የለም ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ዋስትናው ፈረሰ።

«ከክርስትና በፊት ምን ያደርግልኛል?» የሚሉም አሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ባልና ሚስት አልጋ የሚለዩበት ቤት ብዙ ነው። መከላከያው የሚያስፈልገው ግን ከዚያ ማግስት ጀምሮ ነው፤ በድግሱ ማግስት ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ጥቂት ነው።

«ወተት ያደርቃል።»
መዳብ ያለበት ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ወተትን የሚነካበት መንገድም የለውም። በክንድ የሚቀበረው ፕሮጀስቲን የሚባለውን ሆርሞን ብቻ ስለያዘ ለምታጠባ እናት ከወለደች ጀምሮ ይሰጣል። ለምታጠባ እናት እስከ 6 ወር የማይመከረው ኤስትሮጅን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያለበት እንክብል ነው። ወሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

«ሉፕ ይወድቃል፤ ወደ ልብም ይሄዳል።»
ግማሹ እውነት ነው። ልብ ጋር የሚያደርስ መንገድ የለም። እጅግ አልፎ አልፎ የማህፀንን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል፤ ያኔም የሚገኘው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። መውደቁ ግን ሊደበቅ አይገባም። የእንግዴ ልጅ በወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወይም እስከ 48 ሰዓት ድረስ የገባ ሉፕ፣ ቆይቶ ከሚገባው ይልቅ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ማህፀን ገና ሰፊ ነውና። በዚህ ምክንያት አዋላጇ ከማህፀን ጣሪያ እስክትደርስ ገፍታ ታስቀምጠዋለች። በቀዶ ጥገና ለወለደች ሐኪሙ በዚያው ቁስል አስገብቶ ይሰፋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቦታውን መያዙ ይታያል። የወደቀ እንደሆነ ሌላ ይገባል። 48 ሰዓቱ ካለፈ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ ነው። የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ከ18 ሰዓት በላይ ቆይታ ለወለደች፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ላለባት ወይም ደሟ ላልቆመ እናት ወዲያው አይገባም።

«በክንዴ ከተቀበረ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም አልችልም።»
ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ቀን ብቻ። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነችው ዘንግ ከቆዳ ሥር ናት፤ በጣት ስትዳሰስ ትገኛለች፣ ከቦታዋም አትጓዝም። ይልቅ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት አስቀድማ ትናገር፤ አንዳንዶቹ የመከላከያውን ኃይል ያዳክማሉ።

«ደሜ ቀረ፤ ውስጤ ተጠራቅሟል።»
የሚጠራቀም የለም። ሆርሞኑ የማህፀንን ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈስ ደም ያንሳል ወይም ይቀራል። ሌላዋ ደግሞ ያለ ቀኑ ጠብ ጠብ ይልባታል። አያስደስትም፤ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባ ነበር።

«መካን ያደርጋል።»
እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ካገቡ 100 ሴቶች 27ቱ በመርፌ ይጠቀሙ ነበር፤ በክንድ የሚቀበረውን 9፣ ሉፕን 2 ብቻ። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ ፅንስ እስኪመጣ ወራት ሊያቆይ ይችላል። ጎረቤት የምታወራው ይህንኑ ነው፤ ሐሜቱ ግን በሁሉም ላይ ተለጠፈ። ሉፕም ሆነ የክንዱ ከወጣ ማርገዝ ወዲያው ይቻላል።

«አንዴ ከተቀበረ ቀኑ ሳይደርስ አይወጣም።»
ስሕተት ነው፤ ሴቲቱ ባሰኛት ቀን፣ ምክንያትም ሳትሰጥ ማስወጣት ትችላለች። ሴቶቹን ግን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጤና ኬላ መስጠት ሲጀመር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መቅበሩን ሠለጠኑ፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። የምትቀብረው እጅ ደጃፍ ላይ፣ የምታወጣው የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን ወሬው መወለዱ አይቀርም። በምጥ አልጋ ላይ «እሺ» ማሰኘትም ፈቃድ አይባልም፤ ምርጫው ተመክሮበት በእርግዝና ክትትል ካርዱ ላይ መስፈር አለበት። ስትመርጪ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የሚወጣበት ቀን ካርዱ ላይ ተጽፏል ወይ? ቀድሜ ላውጣ ብልስ የት ነው የምሄደው?