የፀደይ ፍልሰት ምንድን ነው? ከጎንደር ሲታይ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ብዙዎቻችን ፀደይ ሲባል የሚመጣልን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። የወፎች የፀደይ ፍልሰት ሲባል ይሄኛውን ያዙ፣ ወፎቹ ከእኛ ጋ የሚነሱት ትንሽ ቀደም ብለው ቢሆንም። በአውሮፓ ሰሜን በረዶ የሚቀልጥበት ጊዜ ነው።

ፍልሰት ማለት ወፎች በየዓመቱ በሁለት አገር መካከል፣ በታወቀ ጊዜና በታወቀ መንገድ ሄደው መመለሳቸው ነው። አንዱ አገር ይፈለፍላሉ፣ ሌላው አገር ይከርማሉ። «ስደተኛ ወፍ» የሚለውን አጠራር እኔ አልወደውም። ስደተኛ ቤቱን ጥሎ የወጣ ነው፤ እነዚህ ግን ሁለት ቤት አላቸው፣ አንዱም እኛ ጋ ነው።

የመስቀል ወፍስ? ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ከሩቅ አገር የመጡ አይደሉም። ወንዶቹ በበጋ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ስለሆኑ ልብ አንላቸውም። በክረምት ላባቸውን ቀይረው ደምቀው ሲወጡ ግን አዲስ የገቡ ይመስሉናል።

እውነተኛውን ፍልሰት ማየት የሚፈልግ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ይውረድ። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ፣ በጣና ዳር፣ በበጋ ክሬን የሚባሉ ትልልቅ ግራጫ ወፎች በሺዎች ይከርማሉ። ከሩቅ ሽመላ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። አንዱ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ይደርሳል። ቀን አጨዳው ካለቀበት ማሳ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ምክንያቱም ጅብም ሆነ ሌላ አውሬ ሲመጣ የውሃው ድምፅ ይቀሰቅሳቸዋል። ሽምብራ የዘራ ገበሬ በእርግጥ እንደኔ በደስታ አያያቸውም፣ አልፈርድበትምም።

ከየት ነው የሚመጡት? ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ መሣሪያ ከታሰረላቸው መካከል ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የከረሙ አሉ። እነዚያም የሐይቅና የረግረግ አገሮች ናቸው። ከጣና እስከዚያ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በእስራኤልና በቱርክ በኩል እያረፉ ነው የሚሄዱት።

ታዲያ እህሉ ሳያልቅ፣ ሙቀቱ ሳይጎድል ለምን ይሄዳሉ? መልሱ ልጅ ማሳደግ ነው። በሰኔ ፊንላንድ ሌሊቱ አይጨልምም ማለት ይቻላል። ቀኑ ረጅም፣ ነፍሳቱ ብዙ፣ ለጎጆ የሚሆነው ረግረግ ሰፊ ነው። ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ቦታ ይይዛል። ጊዜው መድረሱን የሚነግራቸው ደግሞ የቀኑ መርዘምና በሰውነታቸው ውስጥ ያለ ሰዓት ነው። መንገዱን ግን ይማሩታል፤ ጫጩቶቹ የመጀመሪያውን ጉዞ ከእናትና አባታቸው ጋር ስለሚያደርጉ።

አነሳሳቸው ደስ ይላል። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ሜዳው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ከመሬት የሚነሳውን ሞቃት አየር ይዘው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ከላይ ሲደርሱ ደግሞ ተሰልፈው ወደ ሰሜን ይንሸራተታሉ። ድምፃቸው እንደ መለከት ነው፤ ነጥብ ካከሉ በኋላም ይሰማል።

ለማየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ባይኖኩላር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር መድረስ ይበልጣል፣ ከማደሪያቸው የሚነሱት ያኔ ነውና። አትጠጉ፣ ተቀመጡ። በዚያው የከብቶቹን እግር ተመልከቱ። ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ዝንብ የምትለቅም ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ካያችሁ፣ እሷም የሩቅ አገር ልጅ ናት።

የሚያሳስበኝ ዳርቻው ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሆኖም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል እምቦጭ ውሃውን ይሸፍናል፣ ረግረጉም ይታረሳል። ክሬን የሚያድረው ገላጣ ውሃ ላይ ነው። ያ ከጠፋ ፊንላንድ ያለው ጎጆ ብቻውን አያኖረውም።

ዘንድሮ ካመለጧችሁ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ።